ቡዌይ ያንግ ቻው

ቡዌይ ያንግ ቻው (ኖቬምበር 25 ቀን 1889 – ማርች 1 ቀን 1981) ትውልደ ቻይና ሐኪምና የምግብ አሠራር መጻሕፍት ደራሲ ነበረች። በአገሯ በምዕራባዊ ሕክምና ሠልጥነው ሥራ ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ብትሆንም፣ ስሟ በዓለም ዙሪያ የታወቀው በ1945 በአሜሪካ ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የቻይና የቤት ምግብ በተራ የአሜሪካ ማእድ ቤት፣ ከአካባቢው መደብር በሚገኝ ዕቃና በመጠነኛ ወጪ እንዴት እንደሚሠራ ያስተማረ ሥራ ነው። ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች የሚሠራባቸው «ስተር ፍራይ» እና «ፖት ስቲከር» የተባሉ የእንግሊዝኛ ቃላት የመጡት ከዚሁ መጽሐፍ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ቤተሰብ

ቡዌይ የተወለደችው በናንጂንግ ከተማ፣ ያንግ በተባለ ሰፊና የተማረ ቤተሰብ ውስጥ ነው። አያቷ ያንግ ዌንሁዪ በለንደንና በፓሪስ በቻይና ኤምባሲ ያገለገለ፣ በ1866 በናንጂንግ የቡድሃ እምነት መጻሕፍት ማተሚያ ቤት ያቋቋመ የታወቀ ምሁር ነበር። በቤተሰቡ ልማድ መሠረት ልጅ ላልነበራቸው አጎቷና ሚስቱ ተሰጥታ እንደ ልጃቸው አደገች።

ገና ሳትወለድ ለአክስቷ ልጅ ታጭታ ነበር። በዚያ ዘመን በወላጆች የተሰጠ ቃል ማፍረስ ለሁለቱም ቤተሰቦች ትልቅ ውርደት ነበር። ቡዌይ ግን ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ጋብቻውን እንደማትፈልግ ራሷ አስታወቀች። አያቷ ከጎኗ ስለቆመ እጮኝነቱ ፈረሰ። ይህ ውሳኔ በኋላ ለትምህርቷም ሆነ በራሷ ምርጫ ለማግባቷ መንገድ ከፍቷል።

በናንጂንግ የሴቶች ትምህርት ቤት ለመግባት በተፈተነችበት ጊዜ ስለ ሴቶች ትምህርት ጥቅም ድርሰት እንድትጽፍ ተጠየቀች። የሰጠችው መልስ ሴቶች የዜጎች እናቶች ስለሆኑ አለመማራቸው አገርን ይጎዳል የሚል ነበር። «ቡዌይ» የሚለውን ስም ያወጣችላት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሊን ጓንሆንግ ናት፤ ትርጉሙ ታላቅ እርምጃ ወደሚል ሐሳብ የሚቀርብ ነው። ሊን በወጣትነቷ በሕመም ስለሞተች፣ ቡዌይ ስሙን ለጓደኛዋ መታሰቢያ አድርጋ በቋሚነት ያዘችው።

ትምህርትና የሕክምና ሥራ

የቺንግ ሥርወ መንግሥት በ1912 ከወደቀ በኋላ፣ ቡዌይ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለች የአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆና ተሾመች። በ1913 በተነሣው የፖለቲካ ግጭት ሥራው ስለተቋረጠ ሕክምና ለመማር ወደ ጃፓን ሄደች። በቶኪዮ የሴቶች ሕክምና ኮሌጅም ተማረች።

ማብሰል የጀመረችው እዚያው ቶኪዮ ነው። እንደ እሷ ባለ ትልቅ ቤት ያደገች ሴት ወጥ ቤት መግባት አይጠበቅባትም ነበር፤ ምግቡን የሚሠሩት ተቀጣሪዎች ነበሩ። የጃፓን ምግብ ስላልተስማማት ግን የአገሯን ምግብ በራሷ ለመሥራት ተገደደች። የሚያስተምራት ሰው ስላልነበረ ከልጅነቷ የምታውቀውን ጣዕም እያስታወሰች፣ ባገኘችው ዕቃ እየሞከረች ለመደችው። ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ በአሜሪካ የጻፈችው መጽሐፍም በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነው፤ ጣዕሙን ማስታወስ፣ ያለውን ዕቃ ማየት፣ መሞከር።

በ1919 ወደ ቻይና ተመልሳ ከሥራ ባልደረባዋ ከሊ ጓንጆንግ ጋር በቤጂንግ «ሴን ሬን» የተባለ ሆስፒታል ከፈተች። ሆስፒታሉ በሴቶች ሕክምናና በማዋለድ ላይ ያተኮረ ነበር። ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። ሊን፣ ሊ እና ያንግ የሚሉት የሦስቱ ጓደኛሞች የቤተሰብ ስሞች በቻይንኛ ሲጻፉ ሁሉም «ዛፍ» የሚለውን ምልክት ይይዛሉ። «ሴን» የሚጻፈው በሦስት ዛፎች ነው፤ «ሬን» ደግሞ «ሰው» እና «ሁለት» የሚሉትን ምልክቶች ይዟል። ሦስት ሆነው ያሰቡትን ሥራ ሊን ከሞተች በኋላ ሁለት ሆነው መጀመራቸውን ስሙ ያስታውሳል።

ጋብቻ

በ1920 ቡዌይ ከአሜሪካ ከተመለሰው ከዩዌን ሬን ቻው ጋር ተዋወቀች። ዩዌን ሬን (1892–1982) በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ፣ በሃርቫርድ ደግሞ ፍልስፍና የተማረ ሲሆን፣ በኋላ ከቻይና ታላላቅ የቋንቋ ሊቃውንት አንዱ ሆኗል። በዚያን ጊዜ በቻይና ንግግር ያደርግ ለነበረው ለእንግሊዛዊው ፈላስፋ ለበርትራንድ ራስል አስተርጓሚ ነበር። እሱም እንደ ቡዌይ ቤተሰብ ያጨለትን እጮኝነት ያፈረሰ ሰው ነው።

ሁለቱ የተጋቡት በጁን 1 ቀን 1921 ነው። ድግስ፣ ሽማግሌና ሥነ ሥርዓት አልነበረም። ለወዳጅ ዘመድ መጋባታቸውን የሚገልጽ ወረቀት በፖስታ ላኩ፤ ስጦታ እንደማይቀበሉም አስታወቁ። በዕለቱ ሁለት ሰዎችን ብቻ እራት ጠሩ፤ አንደኛው የታወቀው ጸሐፊና ፈላስፋ ሁ ሺ፣ ሌላዋ ሐኪም ጓደኛቸው ነበረች። ምግቡን ያበሰለችው ሙሽራዋ ራሷ ናት። ከእራት በኋላ ባለ ቴምብር የጋብቻ ወረቀት አውጥተው ሁለቱን እንግዶች ምስክር አድርገው አስፈረሙ። ሁ ሺ ነገሩን አስቀድሞ ጠርጥሮ «የቀይ አዳራሽ ሕልም» የተባለውን ልቦለድ በስጦታ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ግምቱ ስሕተት ቢሆን ማንም እንዳያፍር ግን መጽሐፉን በተራ ወረቀት ጠቅልሎት ነበር። ዜናው በጋዜጣ ወጥቶ በአዲስ ዘመን ሰዎች አዲስ ጋብቻ ተብሎ ተወራ።

በአሜሪካና በቻይና መካከል

በ1921 ዩዌን ሬን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ስለተጠራ ባልና ሚስቱ ወደ ማሳቹሴትስ ሄዱ። ቡዌይ ሆስፒታሏን ትታ ሄደች። ለዓመታት የተማረችውንና በራሷ እጅ ያቋቋመችውን ሥራ መተው ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ በአዲሱ አገር ቋንቋውን በደንብ አትችልም፣ ሐኪም ሆናም አልሠራችም። የመጀመሪያ ልጃቸው ሩላን በ1922፣ ሁለተኛዋ ኖቫ በ1923 ተወለዱ። በኋላ ሌንሲ እና ቤላ ተጨምረው የሴቶች ልጆቻቸው ቁጥር አራት ሆነ።

ቤተሰቡ በአውሮፓ ቆይቶ በ1925 ወደ ቻይና ተመለሰ፤ ዩዌን ሬንም በቤጂንግ በሚገኘው በችንኋ ማስተማር ጀመረ። ቡዌይ በእነዚህ ዓመታት በወሊድ ቁጥጥር ትምህርት ተሳትፋለች። በዩኒቨርሲቲው አጠገብም ከጓደኞቿ ጋር ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታ ነበር። ደንበኛ አልጠፋም፤ ቡዌይ ግን እንግዳ ማስተናገድ ስለምትወድ ምግብ ቤቱ ለትርፍ አልበቃም።

ለወደፊቱ መጽሐፍ ዋናውን ስንቅ ያገኘችው ከባሏ ሥራ ነው። ዩዌን ሬን የቻይናን ቀበሌኛዎች ለማጥናት ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከመንደር ወደ መንደር ይዞር ነበር። ቡዌይ አብራው በተጓዘችባቸው ቦታዎች እሱ የሰዎችን አነጋገር ሲመዘግብ፣ እሷ ምን እንደሚበሉና እንዴት እንደሚያበስሉ ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ትቀምሳለች። የሰበሰበችው የታላላቅ ምግብ ቤቶችን ምሥጢር ሳይሆን በየቤቱ በየቀኑ የሚበላውን ነው።

ጦርነትና ስደት

በ1937 ጃፓን ቻይናን በወረረችበት ጊዜ ቤተሰቡ በናንጂንግ ይኖር ነበር። ከተማዋ ከመያዟ በፊት ቤታቸውን ለቀው ወደ ቻንግሻ፣ ከዚያም በደቡብ ምዕራብ ወደምትገኘው ኩንሚንግ ሸሹ። በናንጂንግ የነበራቸው ቤትና አብዛኞቹ መጻሕፍታቸው ጠፉ። በ1938 ወደ ሃዋይ ተሻገሩ፤ ቀጥሎም ዩዌን ሬን በየል፣ ከ1941 ጀምሮ ደግሞ እንደገና በሃርቫርድ ሠራ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዩዌን ሬን በሃርቫርድ ለአሜሪካ ወታደሮች የቻይንኛ ትምህርት ይመራ ነበር። በካምብሪጅ የነበረው ቤታቸው ከአገራቸው ርቀው ለቀሩ ቻይናውያን ተማሪዎችና ምሁራን መሰብሰቢያ ሆነ። ቡዌይ ለብዙ ሰው በትንሽ ወጪ ማብሰል ነበረባት። በ1943 በአሜሪካ ሥጋ በራሽን መሸጥ ስለጀመረ ጥቂት ሥጋን ለብዙ ሰው ማብቃቃት የሁሉም ቤት ጉዳይ ሆኖ ነበር።

የመጽሐፉ አጻጻፍ

ቡዌይ የምታውቀውን እንድትጽፍ የገፋፏት በካምብሪጅ ያወቀቻቸው ወዳጆች ናቸው። በእንግሊዝኛ መጻፍ ስለማትችል የሥራ ክፍፍሉ በቤተሰብ ውስጥ ሆነ። እሷ እያበሰለች በቻይንኛ ትጽፋለች፣ ትልቋ ልጅ ሩላን ወደ እንግሊዝኛ ትተረጉማለች፣ ዩዌን ሬን ያርማል። አባትየው ግን የሩላን እንግሊዝኛ ከመጠን በላይ የተስተካከለና ለዛ የሌለው ሆኖ ስላገኘው፣ ቻይናዊ አነጋገር የሚሸት አጻጻፍና ቀልደኛ የግርጌ ማስታወሻዎች እየጨመረበት መለሰው። እናትና ልጅ በየቃሉ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ቡዌይም ይህን በመጽሐፉ መግቢያ ላይ በቀልድ ገልጻዋለች።

ስለዚህ የመጽሐፉ ድምፅ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። የምግብ ዕውቀቱ፣ ሙከራውና ፍርዱ የቡዌይ ነው። የእንግሊዝኛው ቀልድና የቃላት ጨዋታ ግን በአብዛኛው የባሏን እጅ ያሳያል። ርእሱም ቢሆን ቀልድ አለበት፤ ቻይንኛ የሚነገር ብቻ ሳይሆን የሚበሰልና የሚበላ ቋንቋ እንደሆነ አድርጎ ይናገራል። የእንቁላል ጥብሱ አሠራር ደግሞ በግልጽ የዩዌን ሬን ነው። እሱ ደህና አድርጎ የሚሠራው ምግብ ይኸው አንድ ብቻ ነበር። ሁለት እንቁላሎች ሲጋጩ የሚሰበረው አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ስድስተኛውን ለመስበር ሰባተኛ እንቁላል እንደሚያስፈልግ በሳይንቲስት ጥንቃቄ ያስረዳል።

መጽሐፉ በ1945 በኒው ዮርክ በጆን ዴይ አሳታሚ ድርጅት ወጣ። መቅድሙን የጻፈው ከ24 ዓመት በፊት በሠርጋቸው እራት ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመው ሁ ሺ ነው። በ1938 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘችው ፐርል ባክም መግቢያ ጽፋለታለች፤ በሕዝቦች መካከል መግባባትን ስለሚያመጣ ደራሲዋ ለኖቤል የሰላም ሽልማት ብትታጭ ደስ እንደሚላትም ገልጻለች።

ይዘትና የማብሰያ ዘዴዎች

መጽሐፉ ከ200 በላይ የምግብ አሠራሮችን ይዟል። ሆኖም ወደ አሠራሮቹ ከመግባቱ በፊት የቻይና ማእድ እንዴት እንደተዋቀረ በሰፊው ያስረዳል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የሩዝ ሳህን ይቀርባል፤ ሌሎቹ ምግቦች መሐል ላይ ተቀምጠው ሁሉም በጋራ ይበላቸዋል። እንግዳ ሲበዛ የአንዱን ምግብ መጠን ከማብዛት ይልቅ የምግቦቹን ዓይነት መጨመር ይሻላል። በዚህ አሠራር ሥጋ የማእዱ ዋና ክብደት አይደለም። ሆድ የሚሞላው ሩዙና አትክልቱ ነው፤ ሥጋው በቀጭኑ ተከትፎ ለሁሉም ጣዕም ይሰጣል።

ወጪ ቆጣቢነቱ በግልጽ የሚታየው ሥጋ ከአትክልት ጋር በሚሠራባቸው ምዕራፎች ነው። መነሻው አንድ ዓይነት አሠራር ነው። ሥጋው በቀጭኑ ተቆርጦ በሶይ ሶስ፣ በጥቂት ወይንና በበቆሎ ስታርች ይታሻል፤ በጋለ ዘይት ላይ ለአጭር ጊዜ እየተማሰለ ይበስላል። ከዚያ አትክልቱ ብቻ ይለዋወጣል፤ አንድ ቀን ሰለሪ፣ ሌላ ቀን ጥቅል ጎመን ወይም ሌላ በወቅቱ የረከሰ አትክልት ይገባል። አንድ ዘዴ የያዘ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ምግቦች ያውቃል ማለት ነው። የበቆሎ ስታርቹ የሥጋውን ፈሳሽ ይዞ ሥጋው እንዳይደርቅ ያደርጋል። በቀጭኑ መከተፉ ደግሞ ቶሎ እንዲበስል ስለሚያደርገው ማገዶም ጊዜም ይቆጥባል።

የዕቃው ዝርዝርም እንዲሁ ቀላል ነው። ከቻይና ዕቃዎች ዋናው አስፈላጊ ነገር ሶይ ሶስ ነው። በቻይና የሩዝ ወይን በሚገባበት ቦታ ቡዌይ በአሜሪካ በየመደብሩ የሚገኘውን ሼሪ የተባለ ወይን ተካች። ተራ መጥበሻና ድስትም ይበቃሉ። እንዲህ ያለው ምትክ ከቻይና ሰፈር ርቀው ለሚኖሩ አንባቢዎች መጽሐፉን ሊሠሩበት የሚችል አድርጎታል።

አስቸጋሪው ነገር ቃላት ማግኘት ነበር። በቻይንኛ «ቻው» የሚባለው የማብሰያ ዘዴ በእንግሊዝኛ አቻ አልነበረውም። ዘዴው የተከተፈ ነገርን በኃይለኛ እሳትና በጥቂት ዘይት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ፣ በፍጥነት ማብሰል ነው። መጽሐፉ ይህን ሁሉ ለመግለጽ ረጅም የቃላት ሰንሰለት እንደሚያስፈልግ በቀልድ ካሳየ በኋላ፣ «ማማሰል» እና «መጥበስ» የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጋጥሞ «ስተር ፍራይ» አለው። ዘዴው ከእኛ ጥብስ ጋር ቢመሳሰልም ይለያል፤ ሥጋው ይበልጥ ይቀጥናል፣ ጊዜው በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው፣ አትክልቱም ሳይልፈሰፈስ ከእሳት ይወርዳል። ስለዚህ እሳት ከመለኮሱ በፊት ሁሉም ነገር ተከትፎ መዘጋጀት አለበት።

በሊጥ ተጠቅልሎ ታችኛው ጎኑ ብቻ የሚጠበሰውን ምግብ ደግሞ ስሙን ቃል በቃል በመተርጎም «ፖት ስቲከር» አለችው፤ ድስት ላይ የሚጣበቅ ማለት ነው። በሶይ ሶስና በውኃ በቀስታ የሚበስለውን ሥጋም በቀለሙ ምክንያት «ቀይ አበሳሰል» ብላ ተረጎመችው። ይህ ለቤት የሚመች ነው፤ ደጋግሞ ቢሞቅ አይበላሽም፣ በተረፈው መረቅም ሌላ አትክልት ሊበስልበት ይችላል። ሁሉም ቃላት ግን አልጸኑም። ለሌሎች የጥቅል ምግቦች ያወጣቻቸው አስቂኝ ስሞች ከመጽሐፉ ውጭ ብዙ አልተሠራባቸውም።

ሌሎች ሥራዎችና የመጨረሻ ዓመታት

በ1947 ባሏ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው የሕይወት ታሪኳ «የአንዲት ቻይናዊት ሴት የሕይወት ታሪክ» በሚል ርእስ ታተመ። መጽሐፉ ከሥርወ መንግሥቱ የመጨረሻ ዓመታት እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የአንዲት የተማረች ሴትን ኑሮ ስለሚያሳይ ዛሬም ለታሪክ ተመራማሪዎች ይጠቅማል። በዚያው ዓመት ዩዌን ሬን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ማስተማር ስለጀመረ ቤተሰቡ ወደዚያ ተዛወረ፤ ቀሪ ዘመናቸውንም በአብዛኛው እዚያው አሳለፉ።

የምግብ መጽሐፉ በ1949ና በ1963 ተሻሽሎ ታትሟል። በ1974 ደግሞ በቻይና ምግብ ቤት ምግብ እንዴት እንደሚታዘዝና እንደሚበላ የሚያስረዳ ሌላ መጽሐፍ አሳተመች። በቻይንኛም ስለ ቤተሰቧ ኑሮ ጽፋለች።

በ1973 ባልና ሚስቱ ከረጅም ጊዜ በኋላ ቻይናን ጎበኙ፤ በቤጂንግም ጠቅላይ ሚኒስትር ጆው ኤንላይ ተቀብለው አነጋግረዋቸዋል። በዚህ ጉዞ በቻይና ትኖር ከነበረችው ከሁለተኛ ልጃቸው ከኖቫ ጋር ተገናኙ። ቡዌይ በማርች 1 ቀን 1981 በ91 ዓመቷ በርክሌይ ውስጥ አረፈች። ባሏ አንድ ዓመት ሳይሞላ በፌብሩዋሪ 1982 ተከተላት። መጽሐፉን የተረጎመችው ሩላን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃና የምሥራቅ እስያ ጥናት ፕሮፌሰር ሆናለች፤ ሌንሲ ደግሞ የልጆችና የወጣቶች መጻሕፍት ደራሲ ናት።

ተጽዕኖ

ከ1945 በፊት ብዙ አሜሪካውያን የቻይና ምግብ የሚያውቁት ለእነሱ አፍ ተብሎ በተለወጠ የምግብ ቤት ዝርዝር ነበር። የቡዌይ መጽሐፍ ይህን ምግብ ከነሥርዓቱ ወደ ቤት አስገባው። አንባቢው አሠራሩን እንዲከተል ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን እንዲያውቅ ይጥራል፤ ለምን ቀጥኖ ይከተፋል፣ ለምን ሥጋው ያንሳል፣ ለምን ሁሉም በጋራ ይበላል ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ከእሷ በኋላ በእንግሊዝኛ ስለ ቻይና ምግብ የጻፉ ብዙ ደራስያን ባወጣቻቸው ቃላት ተጠቅመዋል።

ዛሬ «ስተር ፍራይ» የሚለው ቃል ከቻይና ምግብ አልፎ በማንኛውም አገር በጋለ መጥበሻ ላይ ለሚማሰል ምግብ ይውላል። ቃሉን ከሚጠቀሙት ብዙዎች በአንዲት የሴቶች ሐኪም ማእድ ቤት፣ በእናት፣ በልጅና በአባት ክርክር መካከል እንደተወለደ አያውቁም።